የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ በቻርኮል መሣል

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ናቸው፤ ይኸውም ሕያው ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ መልኩን በቻርኮል (ለሥዕል በተዘጋጀ ከሰል) የመንደፍ ልምምድ ነው። ደብዳቤዎቹን ለአምዱ እንዲመቹ አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ለብዙ ጊዜ ከፎቶግራፍ እያየሁ የሰዎችን ፊት ስሥል ቆይቻለሁ፤ ሥራዬን የተመለከቱ ሁሉ «ቁርጥ እሱን» ይሉኛል። በቅርቡ ግን ሞዴል አስቀምጬ በቻርኮል መሥራት ስጀምር መልኩን መያዝ አቃተኝ። ዓይኑን ብቻውን ሲያዩት ዓይን ነው፣ አፍንጫውም አፍንጫ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የማላውቀው ሰው ይወጣል። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ከፎቶግራፍ ሲሥሉ ከሥራው ብዙውን ካሜራው አስቀድሞ ሠርቶልዎታል። ጎበጥና ሰርጎድ ያለውን ጭንቅላት ወደ ጠፍጣፋ ገጽ ለውጦታል፤ ብርሃኑንና ጥላውን ባሉበት አቁሞታል፤ ሥራውን ትተው ከቀናት በኋላ ቢመለሱ እንኳ አንዲት ፀጉር ከቦታዋ አትነቃነቅም። ስለዚህ ከአንዱ ዓይን ጀምረው ጎን ለጎን እየገለበጡ ቢሄዱም ውጤቱ ያን ያህል አይበላሽም። ሕያው ሞዴል ግን ይተነፍሳል፣ አንገቱ ሳይታወቀው ይዘነበላል፤ የእርስዎም ጭንቅላት ከወረቀቱ ወደ ሞዴሉ በተመለሰ ቁጥር ቀድሞ በነበረበት ቦታ አያርፍም። በዚህ ሁኔታ ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ እየተሻገረ የሚሥል ሰው በየመሻገሪያው የሚሠራትን ጥቂት ስሕተት ተሸክሞ ይጓዛል፤ አገጩ ላይ ሲደርስ ስሕተቶቹ ተደማምረው መልኩን ይለውጡታል። የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለናል፤ ክፍሎቹ ደኅና ሆነው በመካከላቸው ያለው ርቀት ተዛብቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት እንመክርዎታለን። የምናውቀውን ሰው ዓይኑና አፍንጫው ገና ሳይለይ ከሩቅ የምንለየው ጭንቅላቱ በአንገቱ ላይ በሚቀመጥበት ሁኔታ፣ በግንባሩና በመንጋጭላው ስፋት መበላለጥ፣ በፊቱም ላይ በሚወድቀው ጥላ ቅርጽ ነው። መልክን መያዝ የሚጀመረውም ከዚያ ነው። በመጀመሪያ የፀጉሩ አናትና የአገጩ ሥር ወረቀቱ ላይ የት እንደሚያርፉ በሁለት ቀላል ጭረቶች ይወስኑ፤ አንዴ ከወሰኑ በኋላ እስከ ሥራው ፍጻሜ አያንቀሳቅሷቸው። ቀጥሎም ከግንባር እስከ አገጭ የሚወርደው የፊት መካከለኛ መሥመር ወዴት እንደሚያጋድል ይመልከቱና የጭንቅላቱን ስፋት ከቁመቱ ጋር ያነጻጽሩ። ለመለካት ክንድዎን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ይያዙና አውራ ጣትዎን በዘንጉ ላይ በማንሸራተት ርቀቱን ይያዙ። ክርን በጥቂቱም ቢታጠፍ ልኬቱ ስለሚለወጥ፣ በመጀመሪያው ልኬት ቀጥ ያለ ክንድ በሁለተኛው ታጥፎ ከተገኘ መለካቱ ከመገመት አይሻልም።

በአዋቂ ሰው ዓይኖች የሚገኙት ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ካለው ቁመት መካከለኛው ቦታ ገደማ ነው። በጀማሪዎች ሥዕል ግን ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ ላይ ወጥተው ይታያሉ፤ ዓይንና አፍ የሠዓሊውን ትኩረት ስለሚስቡ፣ ምንም የሌለበት የሚመስለው ግንባርና ከበላዩ ያለው የራስ ቅል ክፍል ይረሳልና ነው። ፊት ለፊት የሚታይ ጭንቅላት ወርዱ አምስት ዓይን ያህል ነው፤ ጆሮም በአብዛኛው ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ባለው ርቀት ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ ግን አማካይ መለኪያዎች ስለሆኑ ሞዴሉን ወደ መለኪያው መጎተት አይገባም፤ ይልቁንም ይህ ሰው ከመለኪያው የሚርቀው የት የት ላይ እንደሆነ እየጠየቁ ይሥሩ። ጭንቅላቱን ዝቅ ያደረገ ሞዴል ጆሮዎቹ ከዓይኖቹ መሥመር በላይ ወጥተው፣ ቀና ያለ ሞዴል ደግሞ ከዓይኖቹ በታች ወርደው እንደሚታዩም አይዘንጉ፤ ብዙ ሥዕሎች «የሆነ ነገር ጎድሏቸዋል» የሚባሉት በዚህች ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት የታሰረበት ክር ከፊትዎ ቢያንጠለጥሉ፣ የዓይኑ የውስጥ ጥግ ከአፍንጫው ክንፍ በላይ መዋል አለመዋሉን፣ የአፉም ዳር ከየትኛው የዓይን ክፍል ሥር እንደሚወድቅ ወዲያው ይነግርዎታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሽፋሽፍት ለመግባት አይቸኩሉ። ዓይንዎን አጨንቁረው ሲመለከቱ ዝርዝሩ ጠፍቶ ፊቱ በብርሃንና በጥላ ለሁለት ይከፈላል፤ የዓይኑ ጎድጓድ ጥላ ከአፍንጫው ጎን ጥላ ጋር፣ እርሱም ከጉንጩና ከአገጩ ሥር ካለው ጥላ ጋር ተያይዞ አንድ ትልቅ ቅርጽ ይሆናል። ያንን ቅርጽ በቻርኮሉ ጎን፣ በአንድ ዓይነት ጥቁረት ብቻ ይሙሉት። ለዚህም ብርሃኑ አንድ ብቻ ሆኖ ከሞዴሉ ራስ ከፍ ብሎና ወደ አንድ ጎን ሆኖ መምጣት አለበት፤ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ስለሚበታትነው ለልምምድ አይመችም። በዚህ ደረጃ ላይ ዓይን ገና ሳይሣል መልኩ የሚታወቅ ከሆነ ይቀጥሉ፤ የማይታወቅ ከሆነ ግን ዝርዝር መጨመር አያድነውም፤ ወደ ልኬቱ ይመለሱ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እ.ኤ.አ. ከ1907 ገደማ ጀምሮ የዘይት ቀለም ፖርትሬት (የሰው መልክ ሥዕል) ትእዛዞችን በአብዛኛው ትቶ የሠራቸው በርካታ የቻርኮል ፖርትሬቶች ሲታዩ ይህ አሠራር ግልጽ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ሞዴሉ አንድ ጊዜ በተቀመጠበት የተጠናቀቁ ሲሆኑ፣ ፀጉሩና ልብሱ በጥቂት ሰፋፊ ጭረቶች ታልፈው የጥላው ቅርጽ ብቻ በጥንቃቄ ተይዞ ይገኛል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሰሌዳዎን ጭንዎ ላይ አስተኝተው የሚሠሩ ከሆነ ተነስተው ይቁሙ። ሰሌዳው በተኛ ጊዜ የወረቀቱ የላይኛው ክፍል ከዓይንዎ ስለሚርቅ አጥሮ ይታይዎታል፤ እጅዎም ያንን ለማካካስ ግንባሩን ሳያውቁት ያስረዝመዋል። ሰሌዳውን ቀጥ አድርገው ከሞዴሉ ጎን በሚታይ ቦታ ያቁሙት፤ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ኋላ ሄደው ሁለቱን በአንድ እይታ ያወዳድሩ። ሥዕሉን በመስታወት ማየትም የተዛባውን ጎን ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ቻርኮል ስጠቀም ገና ሳልጀምር ወረቀቱ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ ላጲስ ስሞክርም ይባስ ይቀባባል። የምገዛው ቻርኮል መጥፎ ስለሆነ ነው ወይስ ወረቀቱ? በጣት ማለስለስስ ነውር ነው?

መልስ፦ ምናልባት የታመቀ ቻርኮል እየተጠቀሙ ይሆናል። ከአኻያ ዛፍ ወይም ከወይን ሐረግ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አየር በማያገኙበት ሁኔታ ተቃጥለው የሚሠሩት የቻርኮል ዘንጎች ምንም ማጣበቂያ የሌላቸው ስለሆኑ በወረቀቱ ላይ ተንሳፍፈው ይቀመጣሉ፤ በጨርቅ መታ መታ ሲደረጉ ይለቃሉ። የታመቀው ቻርኮል ግን ዱቄቱ ከማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ የተሠራ በመሆኑ ጥቁረቱ እጅግ የጠለቀ ነው፤ ወረቀቱን አንዴ ከያዘም በቀላሉ አይለቅም። ልምምዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ገደማ ማጣበቂያ በሌለው ለስላሳ ቻርኮል ይሥሩ፤ የታመቀውን ወይም የቻርኮል እርሳስን ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ቦታዎች፣ ለምሳሌ ለአፍንጫው ቀዳዳ፣ ለላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በከንፈሮቹ መካከል ላለው መሥመር ያቆዩት።

ላጲሱም በእጅ እየታሸ ቅርጹ የሚለዋወጠው ለስላሳ ዓይነት ይሁን። እርሱን መፈተግ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ላይ ጫን ተደርጎ ሲነሳ ዱቄቱን ይዞ ይነሳል። ጫፉን ስል አድርገው በአፍንጫው አጥንት ላይ አንድ ጊዜ ቢስቡት የብርሃን መሥመር ስለሚያወጣልዎ፣ ከማጥፊያነቱ ይልቅ ነጭ እርሳስ እንደያዙ ቢያስቡት ይሻላል።

ወረቀት ቻርኮልን የሚይዘው በገጹ ሻካራነት ነው። የቢሮ ማተሚያ ወረቀት ልሙጥ ስለሆነ ዱቄቱ የሚይዘው አጥቶ ይንሸራተታል። ለፈጣን ንድፍ የጋዜጣ ወረቀት ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ውሎ ሲያድር ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራልም። ሊቀመጥ ለታሰበ ሥራ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ሻከር ያለ የሥዕል ወረቀት ጥሩ ነው።

በጣት ማለስለስን በተመለከተ ነውር የሚባል ነገር የለም፤ ነገር ግን የጣት ወዝ ወረቀቱ ላይ ስለሚቀር በኋላ ላጲስ የማያነሳው ጠቃጠቆ ይፈጥራል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁሉንም ጠርዝ እኩል ማለስለስ ነው፤ የጉንጩ ጥላ ቀስ እያለ ቢጠፋ ተገቢ ሲሆን፣ አፍንጫው በላይኛው ከንፈር ላይ የሚጥለው ጥላ ግን ጠርዙ የተሳለ ነው፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት ያደረገ ሰው ፊቱን ከጭጋግ ውስጥ ያስገባዋል። ብናኙን በአፍ እፍ ከማለት ይልቅ ሰሌዳውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ያራግፉት፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዱቄቱን ደጋግሞ መተንፈስ ለሳንባ አይበጅምና።

ጥያቄ፦ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሞዴሎችን ስሥል ሁለት ችግር ይገጥመኛል። ቆዳውን እንዳየሁት ካጠቆርኩት የፊቱ ቅርጽ ይጠፋል፤ ቅርጹ እንዲታይ ብርሃኑን ከተውኩለት ደግሞ ሰውየው የቀላ ይመስላል። ያየኋቸው የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች ሁሉ የነጣ ቆዳ ያላቸው ናቸው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ የመማሪያ መጻሕፍቱንም በተመለከተ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በነጣ ቆዳ ላይ የተመሠረተው ትምህርት «ወረቀቱን ለብርሃን ተወው፣ ጥላውን አጥቁር» የሚል ሲሆን፣ ይህ ዘዴ ለጠቆረ ቆዳ በቀጥታ ሲወሰድ የሚያስከትለው እርስዎ የጻፉትን ችግር ነው።

ቆዳ ብርሃንን በሁለት መንገድ ይመልሳል። አንደኛው ወደ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ተበትኖ የሚመለሰው ሲሆን፣ መጠኑ እንደ ቆዳው ቀለም ይለያያል፤ ቆዳው በጠቆረ ቁጥር ያንሳል። ሁለተኛው ከቆዳው ገጽ ላይ እንደ መስታወት ነጥሮ የሚመለሰው ነጸብራቅ ነው፤ ይህኛው በቆዳው ቀለም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጸብራቁ ከዙሪያው ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይወጣል፤ የፊቱም ቅርጽ በአብዛኛው የሚነበበው ከዚያ ነው። በነጣ ቆዳ ላይ ቅርጹን የሚናገረው ጥላው ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ነጸብራቁ ከጥላው ያላነሰ ይናገራል።

አሠራሩም እንደዚሁ ይለወጣል። ከነጭ ወረቀት ከመጀመር ይልቅ የጭንቅላቱን ቅርጽ ከለኩ በኋላ የፊቱን ክልል በሙሉ በለስላሳ ቻርኮል ይሙሉትና በጨርቅ አብሰው ወደ አንድ ወጥ መካከለኛ ጥቁረት ያምጡት። ይህ ጥቁረት የሞዴሉ ቆዳ ብርሃን ባረፈበት ክፍል የሚታይበት ደረጃ መሆን አለበት፤ ለማረጋገጥ አጨንቁረው ከሞዴሉ ፀጉርና ከልብሱ ጋር ያነጻጽሩት። ከዚያ ጥላውን ከዚህ በአንድ ደረጃ ብቻ አጥቁረው ያስገቡ። ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ የቻሉትን ያህል አጥቁረው ሁሉንም ነገር ያሳጣሉ፤ ሆኖም የቆዳው ጥላ ከፀጉሩ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳና ከብሌኑ የነጣ ሆኖ መቅረት አለበት። የመጨረሻውን ጥቁር ለእነዚህ ካላስቀሩላቸው የሚሄዱበት ቦታ አያገኙም።

አሁን ላጲሱ ተራው ነው። የጉንጭ አጥንቱን ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ ነጸብራቁ ክብ ነጥብ አይደለም፤ ከዓይኑ ሥር ጀምሮ ወደ ጆሮ ግንድ ሽቅብ የሚሄድ፣ አጥንቱ ወደ ጎን በሚታጠፍበት በኩል ጠርዙ የተሳለ፣ ወደ ጉንጩ በሚወርድበት በኩል ግን ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ቅርጽ ነው። ይህን ቅርጽ ከነጠርዞቹ ማንሳት የተሳካለት ሰው አጥንቱን ሠራ ማለት ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ሰፋ ብሎ ደብዘዝ ያለ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ትንሽና ብሩህ፣ በታችኛው ከንፈር ላይ ያለው ደግሞ በከንፈሩ መሸብሸብ የተቆራረጠ ይሆናል። ሁሉንም እኩል ካነጧቸው ፊቱ ላብ ያጠለቀው ይመስላል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚበራውን አንዱን ይምረጡና ሌሎቹን ከእርሱ በታች ያድርጓቸው።

የዓይኑ ነጭ ክፍልም ያታልላል። ከቆዳው ጋር ሲነጻጸር በጣም ነጭ ስለሚመስል ወረቀቱን እንዳለ የመተው ፈተና አለ፤ ነገር ግን የላይኛው ቆብ ጥላ ያርፍበታል፤ ዓይኑም ድቡልቡል ስለሆነ ወደ ዳሮቹ ይጠቁራል። ግራጫ ያድርጉት፤ ያም ሆኖ ነጭ መስሎ ይታያል።

የጀርባውን ነገር ችላ አይበሉ። ከጠቆረ ፊት በስተጀርባ ያለው ወረቀት ነጭ ሆኖ ከቀረ ዓይን ንፅፅሩን ብቻ ስለሚያይ ፊቱ ጥቁር ቁራጭ ወረቀት ይመስላል። ጀርባውን ወደ ፊቱ በሚጠጋ ግራጫ ይሙሉት፤ በጥላው በኩል ትንሽ ቢነጣ የጭንቅላቱ ጠርዝ ይወጣል። ከሞዴሉ የጥላ ጎን ነጭ ጨርቅ ወይም ሰፊ ነጭ ወረቀት ቢያቆሙም የሚመለሰው ብርሃን የመንጋጭላውን መሥመር ያሳይዎታል። ቀለም ባለው ወረቀት ላይ በነጭ ጠመኔ የሚጠቀሙ ከሆነ ጠመኔው ከቻርኮሉ ጋር እንዳይገናኝ ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሞተ ሰማያዊ አዘል ግራጫ ይሆናሉ፤ ለቆዳ ደግሞ ከዚህ የከፋ ቀለም የለም።

ጥያቄ፦ ሞዴል የምትሆንልኝ አያቴ ናት። አሥር ደቂቃ ሳትቆይ ጭንቅላቷ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ታሸልባለች። በመስኮት ብርሃን ስለምሠራም ጥላው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥብኛል። እንዴት ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ በሥዕል ትምህርት ቤቶች የተለመደው አሠራር 20 ደቂቃ ተቀምጦ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ ለአረጋዊት እናት ግን ይህም ይበዛል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃታል፤ ጀርባዋና ክርኗ የሚደገፍበት ወንበር ያዘጋጁላት፣ ሳትቸገር የምታየው አንድ ነጥብም ግድግዳው ላይ ይምረጡላት። የወንበሩን እግሮችና የጫማዋን ቦታ በጠመኔ ምልክት ካደረጉ ከዕረፍት በኋላ ስትመለስ አቀማመጧ በቀላሉ ይገኛል። ጭንቅላቷ ሲወርድ ሥዕሉን ተከትለው አይለውጡ፤ መጀመሪያ የወሰኑትን ይዘው ይቆዩና ቀና ስትል የሚፈልጉትን ይመልከቱ፤ በመካከሉ ፀጉሯን፣ ነጠላዋን፣ ጆሮዋን ይሥሩ። አፏን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ፊቷ ገና ሳይደክም ቢይዙት ይሻላል፤ የአፍ ዳር ቀድሞ ይወድቃልና፣ ዘግይተው ከሣሉት ያላሰቡት ኀዘን ይገባበታል። ካሸለበችም አይቀስቅሷት፤ የተኛ ፊት የዓይን ቆብን ድቡልቡልነት ለማጥናት ከሁሉ የተመቸ ነው። ስትነቃ ሥዕሉን ያሳዩዋት፤ ለሌላ ሰው ከማሳየትዎም በፊት ፈቃዷን ይጠይቁ።

አረጋውያንን መሣል ለልምምድ ዕድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አጥንቱ ከቆዳው ሥር ይታያልና። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1514 የ63 ዓመት እናቱን በቻርኮል ሲሥል የግንባሯን ሽብሽብና የጉንጭ አጥንቷን አንዳች ሳያሳምር አስቀምጦታል፤ እናቱ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው።

የመስኮቱን ነገር በተመለከተ፣ መጻሕፍት በሰሜን በኩል ያለ መስኮትን የሚመክሩት ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ላለ አገር ነው፤ እዚያ ፀሐይ በዚያ መስኮት በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ለረጅም ሰዓት አይለዋወጥም። ለምድር ወገብ በሚቀርብ አገር ግን ፀሐይ ከዓመቱ በከፊል ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ምክሩ አይሠራም። መስኮቱን በስስ ነጭ ጨርቅ ይጋርዱ፤ አለዚያም መጋረጃውን ዘግተው በአንድ መብራት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ያለቀ የቻርኮል ሥዕል እንዳይበን የፀጉር ስፕሬይ ቢረጭበት ችግር አለው?

መልስ፦ ለመለማመጃ ንድፍ ከሆነ አይከፋም፤ ሊቆይ ለሚገባው ሥራ ግን ወረቀቱን ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሊያደርገው ስለሚችል አንመክረውም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ፊክሳቲቭ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዝ የሚረጭ ፈሳሽ) ይጠቀሙ። በመጀመሪያ ያልያዘውን ዱቄት ያራግፉ፤ ከዚያም ሥዕሉን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ንጹሕ አየር ባለበት ቦታ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት ሆነው በስሱ ይርጩ። እስኪደርቅ ጠብቀው መድገም አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመርጨት ይሻላል፤ ሲበዛ ጠብታው ዱቄቱን ይዞ ይወርዳል። የትኛውም ፊክሳቲቭ ሥዕሉን በመጠኑ ያጠቁረዋል፤ ቀላል ግራጫዎችንም ያደበዝዛል፤ ስለሆነም በላጲስ ያወጧቸውን ስስ ብርሃኖች ለማዳን የሚፈልጉ ከሆነ ጨርሶ ባይረጩ ይመረጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በወፍራም ካርቶን ከፍ አድርጎ በፍሬም ማስገባት፣ ፍሬም እስኪገኝ ድረስም ልሙጥ ስስ ወረቀት አልብሶ፣ ሳይጠቀለል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው።